ስድስት ጊዜ በአንድ ጠዋት

ማክሰኞ፣ የጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ። አባቴ ክሪስታል ሲቲ በሚባለው ሰፈር ምድር ቤት ባለው የሱቆች መተላለፊያ ውስጥ መራመድ ጀመረ። ውጭ ጨለማ ነበር፤ ፀሐይ እስክትወጣ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይቀር ነበር።

እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኩት። ኮቴ ኪስ ውስጥ የሩጫ ሰዓት ይዣለሁ። ሰዓቱን ያገኘሁት ባለፈው እሁድ፣ እዚሁ አጠገብ አሌክሳንድሪያ፣ የወላጆቼን ጓዳ ሳጸዳ ነው፤ ከአሮጌ ጓንቶችና ከተበጠሱ የጫማ ማሰሪያዎች ሥር። ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ጀርባው ላይ የትምህርት ቤቴ የስፖርት ክፍል የለጠፈው ቁጥር አሁንም ይነበባል። ለሁለት ሳምንት ብዬ ተውሼ ሳልመልሰው የቀረሁት ዕቃ ነው። አዲስ ባትሪ ሳደርግበት ሠራ። ቁልፉን ስጫነው ያችን አጭር፣ ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ ወዲያው ጓዳው ውስጥ የሌለ የወለል ሰም ሸተተኝ።

ሥራዬ ዘገባ ነው። ያላረጋገጥኩትን መጻፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ። የዚህ ታሪክ ማስረጃ ይህ ሰዓትና አንድ ሰማያዊ ደብተር ናቸው። የቀረው ትዝታ ነው፤ ትዝታ ሲሆን ትዝታ ነው እላችኋለሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መኪና ማቆሚያዎቹ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ከዚያ በፊት በዚህ አገር ሦስት ሥራ ቀያይሯል፤ የወደደው ግን ይህን ብቻ ነው። ዩኒፎርሙን ራሱ ይተኩሳል፣ ሌላ ሰው አያስነካም። በኖቬምበር መጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ እኔም አብሬው ገባሁ። እንግሊዝኛ ይችላል፤ ነጭ ጋወን ፊት ግን ይጠፋበት ነበር።

ሐኪሟ የደም ምርመራውን ወረቀት አየች፣ ቀይ እስክሪብቶ አነሳችና አንድ መስመር አሰመረች። ስኳሩ ክኒን ከሚችለው በላይ ሆኗል አለች። የሦስት ወር ጊዜ ሰጠችው። በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ ይራመድ፣ ፈጠን ብሎ፤ እየተራመደ ማውራት እንዲችል፣ መዝፈን ግን እንዳይችል። ቁጥሩ በማርች ከመስመሩ በታች ካልወረደ ኢንሱሊን ይጀምራል።

ያን ጊዜ የኢንሱሊን መርፌ የሚወጋ ሰው የሕዝብ አውቶቡስ መንዳት አይፈቀድለትም ነበር፤ ሾፌሮቹ ሜዲካል ካርድ የሚሉት የጤና ወረቀት አይታደስለትም። አባቴ ይህን ያውቃል። ሐኪሟም ታውቃለች። ሦስታችንም ቀዩን መስመር እያየን ነበር።

ቤት ስንገባ ለእናቴ እንዲህ አላት፦ «ሠላሳ ደቂቃ ምን አላት? ደሴ እያለሁ የጦሳን ተራራ ወጥቼ ስወርድ እውል አልነበር?»

«ያኔ ወገብህ ከመሪ ጋር አልተጣበቀም ነበር» አለችው።

የዚህን አገር ክረምት ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ብርዱ ኮት ይገኝለታል። ከባዱ ጨለማው ነው። አባቴ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል፤ ቀኑን የሚያየው በአውቶቡሱ መስታወት ነው። ለእርምጃ የቀረችው ጊዜ ከሱብሒ ሶላት እስከ ሥራ መግቢያው ያለችው ብቻ ነበረች። መጀመሪያ ሕንጻችንን ዙሪያውን ሞከርነው። አምስተኛው ቀን ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ዓይን የማያየው ስስ በረዶ እግሩን ከሥሩ ወሰደበትና በመዳፉ ወደቀ። «አብሽሪ፣ ምንም አልሆንኩም» አለኝ መሬት ላይ ተቀምጦ። ቀጥሎ የሕንጻውን ደረጃ ሞከርን፣ እስከ ሰባተኛ ፎቅ ወጥቶ መውረድ። በሦስተኛው ቀን በራችን ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ከደረጃው አጠገብ የምትኖረው ሴትዮ ልጇ ተኝቶ እየተረበሸ መሆኑን በትህትና ገልጻለች። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ሲመለስ ደረጃው ቀርቷል አለ።

መፍትሔው ከእናቴ መጣ። ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር።

«ከሥራችን ሥር የሱቅ መንገድ አለ» አለች። «ሙቀት አለው፣ በረዶ የለው። ፈረንጆቹ ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት እዚያ ነው የሚዞሩት። እናንተ ምን ቆርጧችሁ ነው በረዶ ላይ የምትንከባለሉ?»

ሄድን። የመጀመሪያውን ጠዋት አሁንም በአፍንጫዬ አስታውሰዋለሁ፦ አዲስ የተወለወለ ወለል፣ የቀለጠ ቅቤ ከዳቦ ቤቱ፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከሜትሮው፣ በር የሚገባ የብረት ሽታ ያለው ንፋስ። ሱቆቹ ዝግ ናቸው። የጣሪያው መብራት እንደ ንብ ይጮሃል። መንገዱ ከሜትሮው በር ተነስቶ በአንድ ክንፍ ይሄድና በሌላው ክንፍ ዞሮ ይመለሳል። ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን ሰዓት ተጫንኩ፣ ተራመድን። አንድ ዙር ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ አራት ዙር ጨርሰን አምስተኛውን ጀምረን ነበር። ሰማያዊው ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዙር። ለምን እንደጻፍኩት ማንም አልጠየቀኝም። ልጅ እያለሁም ቁጥር ያለበትን ነገር ስጽፈው ፍርሃቴ ይቀንስ ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አባቴ ግንባሩ ላብ ይዞ ይወጣል፤ መኪናው ውስጥ ኮቱን ይከፍታል፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲያወርደኝ ሰማዩ ገና ግራጫ መሆን ይጀምራል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ አባቴ መሐል መንገድ ላይ ድንገት ቆመ፤ ጀርባው ጋር ተጋጨሁ። ከፋርማሲው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ቡናማ ኮት የለበሱ፣ የሱፍ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ቲቸር?» አለ አባቴ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «የትኛው ነህ አንተ?»

«ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል።»

ትንሽ አሰቡ። «ኮምፓስ ሳትይዝ የምትመጣው።»

«አዎ ቲቸር።»

የደሴ የሒሳብ አስተማሪው ነበሩ። አባቴ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ሰላምታው ተጀመረ። እናታቸው፣ እናቱ፣ ልጆች፣ ጤና፣ ጉልበት፣ ዓይን፣ የሸዋ በር ጎረቤቶች፣ የሆጤ ጎረቤቶች፣ በሕይወት ያለው፣ የሞተው፣ ለሞተው ደግሞ ነፍስ ይማር፣ ለነፍስ ይማሩ አሚን። ሰዓቱን አቁሜ ሌላ ቆጠራ ጀመርኩ። ደብተሩ እንደሚለው ሰላምታው አሥራ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ፈጅቷል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ልጃቸው እዚያው ክሪስታል ሲቲ ቢሮ ትሠራለች። ያለፈውን ክረምት ከኖቬምበር እስከ ማርች ከቤት ሳይወጡ መስኮት ሥር ተቀምጠው አሳለፉት። ጸደይ ሲመጣ ጉልበታቸው ሦስት ደረጃ መውጣት እምቢ አላቸው።

«ዘንድሮ ያ ወንበር አይበላኝም ብያለሁ» አሉ። «ልጄ በጨለማ ስትወጣ አብሬ እወጣለሁ። ይኸው እዚህ ትጥለኛለች። ቀትር ላይ በባቡር እመለሳለሁ። ግን ብቻዬን ስሄድ ልቤ ቶሎ ይሰለቻል፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።»

«ከዛሬ ጀምሮ አብረን ነን ቲቸር» አለ አባቴ።

አብረን ሆንን። መምህሩ መሐል፣ አባቴ በግራቸው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ እኔ ከኋላ። መምህሩ አንድን ዙር በአሥራ ስድስት ደቂቃ ይዞራሉ። በወግ ያደገ ሰው አስተማሪውን ቀድሞ አይሄድም፤ አባቴም ሊያስበው እንኳ አይችልም ነበር። በሠላሳ ደቂቃ ሁለት ዙር አይሞላም። ያንንም ጻፍኩ።

በሁለተኛው ቀን መኪና ውስጥ፣ «አባዬ፣ ኢት ዳዝንት ካውንት፣ አይቆጠርም» አልኩት።

«ምኑ?»

«ይሄ ዎክ፣ እርምጃው። ሐኪሟ ያለችው ሌላ ነው። አሁን እኮ መዝፈን ትችላለህ።»

«ቲቸር ፊት አልዘፍንም» አለና መሪውን አዞረ።

በጃንዋሪ መጀመሪያ ለመካከለኛው ምርመራ ሄድን። ቁጥሩ አልወረደም። እንዲያውም በትንሹ ወጥቷል። ሐኪሟ «እየተራመድክ ነው?» ስትለው «ከእሁድ በቀር በየቀኑ» አላት። እውነት ነበር። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ አልከፈትኩትም። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ ከማልኮራባቸው ነገሮች ጋር አስቀምጬዋለሁ።

የዚያን ዕለት እናቴ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሌላ ቦታ ሂዱ» አለች። «አናንዴልም ሞል አለ አሉ። እዚያ ቲቸር የለም።»

«ሲጠብቁኝስ?»

«ሰው ሲቀር ቀረ ይባላል።»

«ኮታቸውን ለብሰው አግዳሚው ላይ ሲጠብቁኝስ? አንድ ክረምት ሙሉ መስኮት ሥር የተቀመጠ ሰው ናቸው። እኔ ስመጣ ነው የሚነሱት።»

እናቴ ውኃውን ዘጋች። «አውቶቡሱስ?» አለች።

አባቴ ካውያውን ሰካ። ዩኒፎርሙን መተኮስ ጀመረ። የተተኮሰውን ሸሚዝ ነበር እንደገና የሚተኩሰው።

ከዚያ አንድ ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት፣ አባቴ ጓንቱን መኪና ውስጥ ረስቶ ሊያመጣ ተመለሰ። እኔና መምህሩ አግዳሚው ላይ ቀረን። ሰዓቱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የትላንቱን አማካይ እያወጣሁ ነበር።

«ምንድነው የምትጽፊው አንቺ ጸሐፊ? አምጪው እስቲ።»

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። የሚያነቡት በጣታቸው መስመር በመስመር ነበር። ከውስጥ ኪሳቸው እርሳስ አወጡ።

«እዚህ ጋ አማካዩን ስታወጪ ያልሄዳችሁበትን እሁድ ቆጥረሽዋል። ሆን ብለሽ ነው ወይስ ረስተሽ?»

«ረስቼ ነው።»

«ሆን ብለሽ ቢሆን እንከራከር ነበር።» አረሙት። ገጹን ገለበጡ። ጣታቸው ወረደ፤ አራት፣ አራት፣ አራት ተኩል፣ አራት፤ ከዚያ አንድ ላይ ቆመ። «ይሄ ረቡዕ ምን ሆነ? ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ከዚያ ወዲህም አልተነሳም። አባትሽ ታመመ?»

ፋርማሲው በር ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ይሄን አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ወደ እሱ ነበር የማየው። ብዙ ዓመት ሰው ጠይቄ፣ ተጠይቄ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ጥያቄ የከበደኝ ግን የለም።

«እርስዎን ያገኘንበት ቀን ነው» አልኩ።

እርሳሱን ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ «ለምንድነው የሚራመደው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ስኳሩን፣ ቀዩን መስመር፣ መርፌውን፣ አውቶቡሱን፣ ማርችን። በቅደም ተከተል ነገርኳቸው።

«ትክክል ነው» አሉና ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ። ስለ ቁጥሩ ይሁን ስለ መናገሬ አላወቅኩም። አባቴ ጓንቱን ይዞ መጣ። እንደ ወትሮው አሥራ ስድስት ደቂቃ በዙር ሄድን።

በማግስቱ መምህሩ አልመጡም። አግዳሚው ባዶ ነበር። አባቴ አምስት ደቂቃ ቆሞ ጠበቃቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አልሻቸው?»

«የጠየቁኝን።»

«የተጠየቀ ሁሉ ይመለሳል?»

ሄድን። ስልካቸውን ተቀብለን አናውቅም ነበር፤ በየቀኑ የምንገናኝ ሰዎች ስልክ ምን ያደርግልናል ብለን። ሁለተኛውም ቀን የሉም። ሦስተኛውም። በደብተሩ ላይ እነዚያ ሦስት ቀናት ከሁሉም የተሻሉ ናቸው፤ አራት ዙር፣ አራት ተኩል፣ አራት ተኩል። አባቴ መንጋጋውን ነክሶ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ዙር አግዳሚው ጋ ሲደርስ ራሱን ወደ ቀኝ ያዞራል። እኔን አያናግረኝም። ትምህርት ቤት ሲያወርደኝ «በሩን ዝጊው» ብቻ ይለኛል። እንዲህ ያለ ጥሩ ቁጥር እየጻፍኩ እንዲህ የከፋኝ ጊዜ የለም።

በአራተኛው ቀን ገና ከሜትሮው በር ስንገባ፣ ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ ቡናማ ኮት አየን። መምህሩ ናቸው። ተቀምጠው አልነበረም፤ ወደ እኛ እየተራመዱ ነበር። አባቴ ሊሮጥ ትንሽ ቀረው።

«ቁም እዚያው» አሉት ከሩቅ። ቆመ። አጠገባችን ሲደርሱ ትንፋሻቸው አጠር አጠር ይል ነበር። ከኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ሦስት ቀን ሙሉ በልጄ ቤት ፎቅ ላይ፣ ከሊፍቱ እስከ ቆሻሻ መጣያው በር ስመላለስ ነበር። ጎረቤቶቹ ሽማግሌው አበዱ ብለዋል። የራሴን ፍጥነት በትክክል ሳላውቅ ልመጣ አልፈለግኩም።» ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ አርሚ። እሱ ድሮም አይችልም።»

የእርሳስ ጽሑፍ ነበር። የአባቴ ዙር ሰባት ደቂቃ፣ የእሳቸው አሥራ ስድስት። ሁለቱ ከአንድ ቦታ ተነስተው በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሄዱ፣ በየአምስት ደቂቃው ገደማ ይገናኛሉ። ከታች ተሰምሮበታል፦ በሠላሳ ደቂቃ ስድስት ጊዜ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ» አሉት። «መምህሩን ቀድሞ ሄደ የሚል የለም። ፊት ለፊት የሚመጣን ሰው ማን ይቀድመዋል?»

«ቲቸር፣ ብቻዎን ከሚሄዱ…»

«ስድስት ጊዜ የምትመጣብኝ ሰው ብቻህን ነህ ትለኛለህ? አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ብታገኘኝ ታፍራለህ፣ አፍራለሁ። ስለዚህ አልቀመጥም። አንድ ነገር ግን፣ መቆም ክልክል ነው። እጅ የምትነሳ ከሆነ እየተራመድክ ንሳ።»

አባቴ እኔን አየኝ። ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነበር። «ሰዓቱን ያዢው» አለኝ።

ተጫንኩት። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ።

የመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች አስቸጋሪ ነበሩ። አባቴ መምህሩን ፊት ለፊት ባየ ቁጥር እግሩ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ከኋላው እገፋዋለሁ። መምህሩም «ሂድ፣ ሂድ» እያሉ ያልፋሉ። ከዚያ ለመደ። ያ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጀው ሰላምታ ሳይጎድል ለስድስት ተከፈለ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲገናኙ፣

«እንደምን አደሩ ቲቸር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሂድ።»

ጫማ አዳሹ በር ላይ፣

«ጉልበትዎስ?»

መልሱ የሚመጣው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው፣ ከሜትሮው በር አጠገብ። «የግራው ይሻላል።»

«አልሐምዱሊላህ። የቀኙስ?»

ለቀኙ ደግሞ እስከ ፋርማሲው መጠበቅ ነበር። አንዳንድ ጊዜ መምህሩ ሲያልፉ የሒሳብ ጥያቄ ይጥሉበታል፤ አባቴ ግማሽ ዙር ሙሉ ሲያሰላ ከርሞ የተሳሳተ መልስ ይዞ ይመጣል። «ኮምፓስ የማትይዘው» ይሉታል እያለፉ። እየሳቀ ያልፋል፤ ሳቁ መተላለፊያው ውስጥ ከእሱ ቀድሞ ይሄዳል። አንድ ቀን የሚሮጥ ፈረንጅ ቆሞ ሁለቱ ለምን እንደሚጣሉ ጠየቀኝ። ሰላም እየተባባሉ ነው አልኩት። መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቀ። ሰዓቴን አይቼ አሥራ አራት ደቂቃ ይቀራቸዋል አልኩት።

ፌብሩዋሪ ረጅም ነበር። ሁለት ጊዜ ከባድ በረዶ ጣለ፤ ሁለቱንም ጊዜ አባቴ መኪናውን በአካፋ አውጥቶ በሰዓቱ ደረሰ፤ የመምህሩ ልጅ ግን ቢሮዋ ተዘግቶ ነበር። በሁለተኛው በረዶ ቀን ከሜትሮው በር ብቻቸውን ሲወጡ አየናቸው፣ ኮፍያቸው ላይ በረዶ ይዘው። «ባቡሩ ይሠራል» አሉ እያለፉን፣ መራመድ ጀምረው ነበር።

በማርች መጀመሪያ ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ቁጥሩ ከቀዩ መስመር በታች ነበር። ብዙ አልነበረም፣ ግን በታች ነበር። አባቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየውና ቅጂ እንድትሰጠው ጠየቃት። ቅጂው ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲተላለፉ እጁን ዘርግቶ ሰጣቸው፤ መምህሩ ሳይቆሙ ተቀበሉ። እስከሚቀጥለው መገናኛ አንብበውታል።

«ተማሪ እንዲህ ነው» አሉ። «ሂድ።»

በዚያ ወር መጨረሻ አባቴ ዙሩን በስድስት ደቂቃ ተኩል፣ መምህሩ በአሥራ ሁለት ይጨርሱ ነበር። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ መገናኛው ሰባት ሆኗል። ሜዲካል ካርዱ በኤፕሪል ታደሰ። እኔ በሴፕቴምበር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ደብተሩና ሰዓቱ ጓዳ ገቡ።

እነሱ አላቆሙም። ስንት ክረምት እንደሆነ በትክክል አልመዘገብኩም፣ ስለዚህ ቁጥር አልናገርም። የመምህሩ ልጅ ሥራ ስትቀይር እሳቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር መምጣት ቀጠሉ። አባቴ አውቶቡሱን እስከ ጡረታው ነዳ። ስደውልለት «ቲቸር ዛሬ አምስት ጊዜ ነው የተገናኘነው» ይለኝ ነበር። በኋላ አራት ሆነ። በኋላ ሦስት። አንድ ክረምት፣ በዲሴምበር፣ አልመጡም።

ያረፉት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጃቸው ቤት ነው፣ በያዝነው ሳይሆን ባለፈው ክረምት። ከልጃቸው አረጋገጥኩ፤ በልማድ ሰዓቱንም ጠየቅኳት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አለችኝ። በቀብሩ ዕለት አባቴ ከሬሳው ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ሄደ። ከፊት ከቄሱ ጋር ያሉት ዘመዶች ወደፊት እንዲመጣ ጠሩት። አልመጣም።

ባለፈው እሁድ ሰዓቱን ሳሳየው በመዳፉ ያዘው፣ ገልብጦ የትምህርት ቤቱን ቁጥር አነበበ። «አልመለስሽውም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ «ማክሰኞ ያዢልኝ» አለ።

አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ፋርማሲው ተዘግቶ መስታወቱ ላይ ቡናማ ወረቀት ተለጥፏል። ዳቦ ቤቱም የለም። አግዳሚው አለ። የወለሉ ሰም ያው ነው። አባቴ በድሮው አቅጣጫ፣ የመንገዱን ቀኝ ይዞ ተራመደ፤ ግራውን ክፍት ተወው። ዙሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። በሙሉው ጊዜ ከሁለታችን በቀር መንገዱ ላይ የሚራመድ ሰው አልነበረም።

አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ሰዓቱን አቆምኩ። ሰማያዊውን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ ማክሰኞ። ሠላሳ ደቂቃ። ሁለት ዙር ከሦስት ሩብ። ሳይቆም እጅ ነሳ፣ ስድስት ጊዜ።